የመስኖ መማሪያ በወለጋ አፈር ሲመዘን፦ የ«መስኖ መግቢያ» መጽሐፍ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ስለ መስኖ ሲነገር በብዙ ተማሪዎች አእምሮ ቀድሞ የሚታየው የአዋሽ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ እርሻና ከዚያ ወዲህ በመካከለኛው አዋሽ የተስፋፋው የጥጥ እርሻ የመስኖ ትምህርት ዋና ምሳሌዎች ሆነው ኖረዋል። ምሳሌዎቹ ትክክለኛ ናቸው። ይሁን እንጂ በብቸኝነት ሲደጋገሙ መስኖ ማለት ዝናብ ለራቀው ሞቃትና ሜዳማ መሬት ውኃን በቦይ ስቦ ማጠጣት ነው የሚል ጠባብ ግንዛቤ ያሳድራሉ።

የዓመቱ ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚደርስባት በነቀምቴ የሚማር ተማሪ ይህን ግንዛቤ ይዞ መስኖ የእርሱን አካባቢ የማይመለከት የሌላ አገር ትምህርት መሆኑን ቢያምን አያስደንቅም። ሆኖም ከከተማዋ ወጣ ሲባል ክረምት የጠገበው ተዳፋት ውኃውንና አፈሩን አብሮ ወደ ወንዝ ሲለቅ ይታያል። ያው ተዳፋት በየካቲት ደርቆ ይሰነጠቃል። ከተዳፋቱ ግርጌ ያለው ጨፌ ግን በዚያው ወር እርጥበቱን እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ በወለጋ የጎደለው ውኃ አይደለም፤ የጎደለው በሚፈለግበት ጊዜ፣ በሚፈለገው ጥልቀት፣ በአፈር ውስጥ የሚገኝ ውኃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመስኖ ሥልጠና ዘርፍ በዓለም ዙሪያ የታወቀ አንድ መጽሐፍን ከዚህ ሐቅ አንጻር መመዘን ነው። ጥያቄው መጽሐፉ የሚያስተምረው እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚል አይደለም፤ እውነት መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው መጽሐፉ ስለ የትኛው መሬት ይናገራል፣ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የሚያስተምር መምህርስ ሳያመዛዝን ቢያስተላልፈው ምን ይጎድላል የሚል ነው።

የመጽሐፉ አመጣጥና ይዘት

መጽሐፉ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት «የመስኖ ውኃ አያያዝ» በሚል ርእስ ካወጣቸው ተከታታይ የማሠልጠኛ መጻሕፍት የመጀመሪያው ሲሆን፣ «መስኖ መግቢያ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ሮም ላይ ታትሟል። ያዘጋጁት ሲ. ብራውወር፣ ኤ. ጎፎና ኤም. ሃይብሉም ናቸው። የተጻፈውም ለመሐንዲሶች ሳይሆን በመንደርና በወረዳ ደረጃ ከገበሬው ጋር ለሚሠሩ የእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመስኖ ቴክኒሻኖች ነው።

መጽሐፉ ሰባት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ስፋት፣ ስለ ይዘትና ስለ ውኃ ፍሰት መሠረታዊ ስሌት ያስተምራል። ሁለተኛው ስለ አፈርና ውኃ፣ ሦስተኛው ስለ መሬት አቀማመጥ፣ አራተኛው ስለ ዝናብና ትነት ነው። አምስተኛው የመስኖ አውታርን፣ ስድስተኛው ውኃ ማጠንፈፍን፣ ሰባተኛው ጨዋማ አፈርን ይመለከታሉ። ቅደም ተከተሉ ራሱ አንድ አሳብ አለው፤ ተማሪው አፈርን ሳያውቅ ወደ ቦይ እንዳይሄድ ያደርጋል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

የመጽሐፉ ጥንካሬ

የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ ውኃን በቁመት ማስቆጠሩ ነው። በ1 ሄክታር መሬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ውኃ 10 ሜትር ኩብ መሆኑን ተማሪው በገዛ ስሌቱ ይደርስበታል። ይህ ቀላል መሣሪያ ዝናብን፣ የመስኖ ውኃን፣ ትነትንና በአፈር ውስጥ የተያዘውን እርጥበት በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ያስችላል። በሰከንድ 1 ሊትር የሚፈስ ትንሽ ጅረት በአንድ ቀን 86.4 ሜትር ኩብ እንደሚሆንና ይህም 1 ሄክታርን በ8.64 ሚሊ ሜትር ውኃ እንደሚሸፍን ያሰላ ተማሪ፣ በሠፈሩ የሚያልፈውን ምንጭ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል።

ሁለተኛው ጥንካሬ አፈር ውኃን የሚይዝባቸውን ሦስት ደረጃዎች በግልጽ ማስረዳቱ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ የአፈሩ ቀዳዳዎች ሁሉ በውኃ ይሞላሉ፤ ይህ የጥጋብ ደረጃ ሲሆን ሥሮች አየር የሚያጡበት ነው። ትርፉ ውኃ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ውኃና አየር ተመጣጥነው የሚገኙበት የአፈሩ ውኃ የመያዝ አቅም ደረጃ ይመጣል። ተክሉ ይህን ውኃ ጠጥቶ ከጨረሰና አዲስ ውኃ ካልተጨመረ የመጠውለጊያ ደረጃ ይከተላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል ያለው ውኃ ለተክሉ የሚገኝ ውኃ ይባላል። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ መሠረት በ1 ሜትር የአፈር ጥልቀት ውስጥ የሚገኘው ውኃ ለአሸዋ ከ25 እስከ 100፣ ለድብልቅ አፈር ከ100 እስከ 175፣ ለሸክላ አፈር ደግሞ ከ175 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ነው። ተማሪው አፈር ራሱ ግድብ መሆኑን የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ይህን መሠረት የጣለ መጽሐፍ በወለጋ መምህር እጅ መግባቱ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም። ቀጥሎ የሚቀርበው ሂስም የመጽሐፉን ዋጋ ለመቀነስ ሳይሆን መሣሪያው የት ድረስ እንደሚሠራ ለማመልከት የታሰበ ነው።

ጠቃሚ ዝናብና የተዳፋት ጥያቄ

በአራተኛው ምዕራፍ ከሚገኙት አሳቦች ዋነኛው «ጠቃሚ ዝናብ» የሚባለው ነው። ከዘነበው ዝናብ አንዱ ክፍል በመሬት ገጽ ላይ ይፈስሳል፤ አንዱ ይተናል፤ ሌላው ሥር ከሚደርስበት ጥልቀት አልፎ ይሰርጋል። ለተክሉ የሚጠቅመው በሥር አካባቢ የቀረው ብቻ ነው። መጽሐፉ ይህን መጠን ለመገመት ቀላል ቀመር ያቀርባል። የወሩ ዝናብ ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን በ0.8 ተባዝቶ 25 ይቀነስለታል፤ ከ75 በታች ሲሆን በ0.6 ተባዝቶ 10 ይቀነስለታል።

ከቀመሩ ጎን አንድ አጭር ማሳሰቢያ አለ፤ ቀመሩ የሚያገለግለው የመሬቱ ዝቅዝቅታ ከ4 እስከ 5 በመቶ ለማይበልጥበት ቦታ ነው ይላል። ይህም መሬቱ በየ100 ሜትሩ ርቀት ከ5 ሜትር በላይ ዝቅ የማይልበት ማለት ነው። በአዋሽ ሜዳ ላይ ይህ ገደብ የሚያውክ አይደለም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በአርጆና በሻምቡ ዙሪያ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ተዳፋት ያላቸው ማሳዎች ብዙ ናቸው። በዚህ ምክንያት አጭሩ ማሳሰቢያ ለወለጋ ተማሪ ከቀመሩ ይልቅ የሚያስፈልገው ትምህርት ነው። ቀመር ግን ለፈተና ይመቻል፤ ገደቡ አይመችም። ስለሆነም ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ወደ ደብተር ሲሸጋገር ቀድሞ ሊጠፋ የሚችለው ገደቡ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ የክረምት ወር 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። በቀመሩ መሠረት ጠቃሚው ዝናብ 295 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ የበቆሎ ማሳ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢጠቀም የወሩ ፍጆታ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ማሳው ከወሩ መጀመሪያ አስቀድሞ የጠገበ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ውኃ የሚያከማችበት ቦታ የለውም። ስለዚህ «ጠቃሚ» ከተባለው ዝናብ 175 ሚሊ ሜትሩ ለተክሉ አልጠቀመም። ከጠቅላላው 400 ላይ ሲታሰብ 280 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር 2,800 ሜትር ኩብ ውኃ ማሳውን ለቆ ሄዷል።

መጽሐፉ እዚህ ላይ አልዋሸም። ዓላማው በመስኖ የሚጨመረውን ውኃ መጠን ማወቅ በመሆኑ፣ ዝናቡ ከተክሉ ፍላጎት ሲበልጥ መልሱ «ምንም አይጨመር» የሚል ሆኖ ስሌቱ ያበቃል። ለወለጋ ገበሬ ግን ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ስሌቱ ካበቃበት ላይ ነው። 2,800 ሜትር ኩብ ውኃ በየት በኩል ሄደ? በገጽ ላይ ከሄደ አፈሩን ይዞ ሄዷል። ወደ ውስጥ ከሰረገ ደግሞ የአፈሩን ማዕድን አጥቦ ወርዷል። የመጀመሪያው ኪሳራ በቦረቦር መልክ ይታያል፤ ሁለተኛው አይታይም።

ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም

ሁለተኛው ነጥብ የአፈርን ዓይነት ይመለከታል። በዚሁ ተከታታይ ሥራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውና ስለ መስኖ ዘዴዎች የሚያስተምረው መጽሐፍ ውኃ ወደ አፈር የሚሰርግበትን ፍጥነት በአፈር ዓይነት ከፍሎ ይዘረዝራል። ለአሸዋ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ለሸክላ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ይህን ሠንጠረዥ ይዞ ወደ ማሳ የሚወጣ ሠልጣኝ ሸክላ አፈር ባየ ቁጥር ውኃ የማያሳልፍ መሬት አገኘሁ ብሎ መደምደሙ አይቀርም።

በወለጋ ከፍተኛ ቦታዎች በሰፊው የሚገኘው ቀይ አፈር ግን ይህን ድምዳሜ ያፈርሰዋል። የአፈር ተመራማሪዎች ኒቶሶል የሚሉት ይህ አፈር ከመቶው ከ30 እጅ በላይ ሸክላ ነው። ሆኖም የሸክላው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጽኑ የሆኑ ጥቃቅን ጓሎች ስለሚሠሩ፣ በጓሎቹ መካከል ውኃና አየር በሚገባ ይተላለፋሉ። ጥልቅ፣ ውኃ የሚያሳልፍና ሥር የማይከለክል አፈር ነው። ቡናው በዚያ ላይ የሚስማማውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በበጋ በሰፊው ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውኃውን በላዩ ላይ ያቁራል። የሠንጠረዡ ቁጥር በትክክል የሚስማማው ለዚህኛው ነው።

ሁለቱም በሠንጠረዡ ላይ «ሸክላ» ተብለው በአንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ በገበሬው አነጋገር ግን ሁለት ስም፣ ሁለት አስተራረስና ሁለት ዓይነት ሰብል አላቸው። «መስኖ መግቢያ» ስለ አፈር ቅንጅት፣ ማለትም ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚያያዙበት ሁኔታ የሚናገር ክፍል እንዳለው መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ወደ ቁጥር ሲመጣ ተከታታዩ የሚይዘው የቅንጣቱን መጠን ብቻ ነው። የገበሬው አከፋፈል ከሠንጠረዡ የበለጠ ነገር የሚያውቅበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የቀዩ አፈር ጥሩ ጠባይ የተመሠረተው በጓሎቹ ጽናት ላይ ነው። ጓሎቹ የሚጸኑት ደግሞ በብስባሽና በሥሮች ነው። ደኑ ተመንጥሮ፣ መሬቱ ያለ ዕረፍት ታርሶ፣ ብስባሹ ሲያልቅ ገጹ በዝናብ ጠብታ እየተመታ ይደፈናል። ያን ጊዜ ውኃ ያሳልፍ የነበረው አፈር ውኃን ወደ ታች ከማስረግ ይልቅ በገጹ ላይ ያፈስሳል። ስለሆነም የአንድ አፈር የሥርገት ፍጥነት ለዘለዓለም የተሰጠ ቁጥር ሳይሆን ከአያያዝ ጋር የሚለወጥ ነው። ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

በሜዳ የሚያድነው በደጋ ሲጎዳ

ከሁሉ የበለጠ ልዩነት የሚታየው በሰባተኛው ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ መስኖ በሚጠጣ ሞቃት አገር ጨው እንዴት በአፈር ገጽ ላይ እንደሚከማች፣ ሰብሎች ጨውን የመቋቋም አቅማቸው እንዴት እንደሚለያይና ጨዋማ አፈር እንዴት እንደሚሻሻል ያስረዳል። መድኃኒቱ ተክሉ ከሚፈልገው በላይ ውኃ አጠጥቶ ጨውን ከሥር በታች አጥቦ ማውረድና የታጠበውን ውኃ በማጠንፈፊያ ቦይ ማስወገድ ነው። ለመካከለኛው አዋሽ ይህ ትምህርት እጅግ አስፈላጊ ነበር፤ አሁንም ነው። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ፣ ጨው ወደ ገጽ ወጥቶ ለም የነበረ መሬት ከምርት ውጭ እስከ መሆን ደርሷል።

በወለጋ ግን ለሺህ ዓመታት አፈሩን ሲያጥብ የኖረው ዝናቡ ራሱ ነው። ከሥር በታች የሚወርደው የክረምት ውኃ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ይዞ ይሄዳል። በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይተካሉ፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። በየዓመቱ አገዳውና ገለባው ከማሳ ተጠርጎ መነሣቱና የአሞኒየም ማዳበሪያ ለረጅም ጊዜ መደጋገሙ ሁኔታውን ያፋጥነዋል። የኮምጣጣነት መለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ይመርዛል፤ ፎስፎረስም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ መሆኑ ይገመታል፤ ነጆና አካባቢዋም በዚህ ረገድ በጉልህ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው።

እንግዲህ በአዋሽ መድኃኒት የሆነው የማጠብ ሥራ በወለጋ የበሽታው መንሥኤ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ ለጨዋማነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሲሰጥ ኮምጣጣነትን ርእስ አላደረገውም። ከአንድ የመግቢያ መጽሐፍ ሁሉንም መጠበቅ ተገቢ አይደለም ሊባል ይችላል። ኮምጣጣነት የማዳበሪያና የኖራ ጉዳይ እንጂ የውኃ ጉዳይ አይደለም የሚል መልስም ይቀርብ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው መልስ ግን በመጽሐፉ በራሱ ስሌት ሲፈተን አይጸናም።

በ1 ሜትር ጥልቀት 200 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚይዝ አፈር ላይ፣ ሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ሰብል 120 ሚሊ ሜትር ውኃ ያገኛል። አሉሚኒየም ሥሩን አጫጭቶ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያስቀረው የሚያገኘው 60 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀን ፍጆታው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ያለ ዝናብ እስከ 30 ቀን ሲዘልቅ ሁለተኛው በ15ኛው ቀን ይጨርሳል። በእርግጥ ተክል የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች እንደ መጀመሪያዎቹ በቀላሉ ስለማያገኝ ሁለቱም ከዚህ ቀድመው መጠውለግ ይጀምራሉ፤ ግማሽ ለግማሽ የሆነው ልዩነት ግን አይለወጥም። ስለዚህ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር ሰብል በውኃ ጥም ሊጎዳ ይችላል፤ ውኃው ከሥሩ በታች ተቀምጦ ሥሩ ሊደርስበት አይችልምና። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ኖራ መጨመር ውኃ የመጨመር ያህል ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ቢኖር መጽሐፉ ለደጋው ኢትዮጵያ የሚኖረው ዋጋ እጥፍ በሆነ ነበር።

ጨፌና ቦኔ

በወለጋና በአጎራባቹ ኢሉባቦር ገበሬዎች ከተዳፋት ግርጌ በሚገኙ ጨፌዎች ላይ በበጋ ወራት በቆሎና አትክልት ያለማሉ። ይህን የበጋ እርሻ ቦኔ ይሉታል። ውኃ ከወንዝ ተጠልፎ አይመጣም፤ ከላይ የሰረገው የክረምት ዝናብ ከርሰ ምድር ለከርሰ ምድር እየተጓዘ ወደ ጨፌው ይደርሳል። የገበሬው ሥራ ትርፉን ውኃ በቦይ እየቀነሰ የበቆሎው ሥር አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ድርቁ ሲበረታ ደግሞ ያንኑ ቦይ በሣርና በጭቃ ዘግቶ ውኃው እንዳይሸሽ መከልከል ነው።

«መስኖ መግቢያ» ይህን አሠራር ለመረዳት የሚያስችለውን ዕውቀት በሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ ይዟል። ውኃ በአፈር ቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ላይ እንደሚሳብ፣ በአሸዋ ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከለኛ አፈር ከ50 እስከ 80፣ በሸክላ ደግሞ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ እንደሚወጣ ይነግራል። የቦኔ በቆሎ የሚጠጣው ይህን ወደ ላይ የተሳበ ውኃ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ወደ አምስተኛውና ወደ ስድስተኛው ምዕራፍ ሲሻገር መስኖና ማጠንፈፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሆናሉ፤ አንዱ ውኃ ያመጣል፣ ሌላው ውኃ ያስወግዳል። በጨፌው ላይ ግን አንዱ ቦይ ሁለቱንም ይሠራል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦዩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ነው።

ጊዜውን መጠበቅ ደግሞ የአንድ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የላይኛው ቦዩን ሲከፍት የታችኛው ይጥለቀለቃል፤ የታችኛው በጥልቀት ሲቆፍር የላይኛው ይደርቃል። በዚህ ምክንያት ተጠቃሚዎቹ «አባ ለጋ» የሚባል የሥራ አስተባባሪ መርጠው ቦይ የሚቆፈርበትንና የሚጸዳበትን ጊዜ በእርሱ አማካይነት ሲወስኑ ኖረዋል። ለጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ማጠንፈፍን «ትርፍ ውኃን ማስወገድ» ብሎ ብቻ የተማረ ሠራተኛ ወደዚህ ስፍራ ሲመጣ ጥልቅና ቀጥ ያለ ቦይ አስቆፍሮ ጨፌውን በሙሉ ለማድረቅ ቢነሣሣ በትምህርቱ መሠረት ትክክል ይመስለዋል። ውጤቱ ግን የከርሰ ምድር ውኃው ዝቅ ማለት፣ የደንገል ሣሩ መጥፋት፣ የምንጩ መድከምና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጨፌው ለምነት መራቆት ነው። እዚህ ላይ የትምህርት ጉድለት የአንድ ማኅበረሰብ የበጋ እህል ጉድለት ይሆናል።

የአውታሩ ወሰን

አምስተኛው ምዕራፍ የመስኖ አውታርን ከውኃ መጥለፊያው እስከ ማሳውና እስከ ማጠንፈፊያው ድረስ በክፍል በክፍሉ ያስረዳል። ከመጥለፊያው በላይ ያለው መሬት ግን ከሥዕሉ ውጭ ነው። ይህ አከላለል ምን እንደሚያስቀር የሚያሳየው የፊንጫ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ የጮመንን ረግረግና በዙሪያው የነበረውን የግጦሽና የእርሻ መሬት በውኃ ሸፈነ። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ሸለቆው የሚወርደው ውኃ፣ ከ1998 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ስኳር የሚያመርተውን የፊንጫ ፋብሪካ የአገዳ እርሻ በመርጨት ዘዴ ያጠጣል።

ከግድቡ በታች ያለው በመጽሐፉ ሊነበብ ይችላል። ከግድቡ በላይ ያለው ግን አይነበብም። ሜዳውን በውኃ የተነጠቀው ገበሬና ከብቱ ወደ ተዳፋቱ ወጡ፤ ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ተሸረሸረ፤ የተሸረሸረው አፈር መድረሻው የግድቡ ሐይቅ ነው። በመሆኑም ከላይ ያለው ማሳ የአፈር አያያዝ ከታች ያለው እርሻ የውኃ ጉዳይ ነው። የሻምቡ ተማሪ መስኖን ሲማር ከቦዩ አፍ ሳይሆን ከተራራው ራስ መጀመር ያለበት ስለዚህ ነው።

ለማስተማር የሚረዱ አንዳንድ አሳቦች

ከላይ የተዘረዘረው ሂስ መጽሐፉን ወደ ጎን ለመተው አያበቃም። በተቃራኒው መምህሩ መጽሐፉን ይዞ የሚከተሉትን ቢያክልበት ትምህርቱ ከቦታው ጋር ይገናኛል።

ሀ) ማንኛውም ቀመር ከገደቡ ጋር ይሰጥ። ተማሪዎች ጠቃሚ ዝናብን ከማስላታቸው በፊት የትምህርት ቤታቸውን ግቢ ዝቅዝቅታ በገመድና በውኃ ልክ ይለኩ፤ ቀመሩ በዚያ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ ራሳቸው ይፍረዱ። ፈተናም ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ፍርዱን ይጠይቅ።

ለ) የሥርገት ፍጥነት በእጅ ይለካ። ሁለት አፉ የተከፈተ ሰፊ ቆርቆሮ፣ ማስመሪያና ሰዓት ይበቃሉ። በዛፍ ጥላ ሥር ባለ ቀይ አፈር፣ ለብዙ ዓመታት በታረሰ ቀይ አፈርና በኮቲቻ ላይ የሚገኙት ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ያስተምራሉ።

ሐ) ጨውና ኮምጣጣነት በአንድ ትምህርት ይቅረቡ። ውኃ አንዱን ሲያድን ሌላውን እንደሚጎዳ ተማሪው በአንድ ላይ ካላየ ሁለቱንም በቃሉ ይይዛቸዋል እንጂ አይረዳቸውም።

መ) የገበሬው ቃላት ወደ ክፍል ይግቡ። ቦኔ፣ ጨፌ፣ ኮቲቻ፣ እንዲሁም በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው ትርፍ ዝናብን ለማውጣት በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የውኃ አያያዝ ስልት የያዙ ቃላት ናቸው። ፈሰስ በመጠኑ ሲወጣ ሰብልን ያድናል፤ ዝቅዝቅታው ሲበዛ ደግሞ የቦረቦር መነሻ ይሆናል። ሁለቱንም የሚያውቅ ገበሬ በእንግድነት ተጋብዞ ቢያስረዳ ለተማሪው ትልቅ ትምህርት ነው።

ማጠቃለያ

«መስኖ መግቢያ» ግልጽ፣ ሥርዓት ያለውና ለተግባር የቀረበ መጽሐፍ ነው። ድካሙ የሚታየው ሜዳማና ደረቅ አገርን የሁሉ መለኪያ በማድረጉ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ስሌቱን ያቆማል፣ ሸክላን በአንድ ረድፍ ያጠቃልላል፣ ከጨው ሌላ የአፈር ሕመም አያነሣም፣ የአውታሩን ወሰንም ከመጥለፊያው ላይ ይጀምራል። አዘጋጆቹ ቀመራቸው የት እንደሚያበቃ በሐቀኝነት መጻፋቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ያንን ገደብ አንሥቶ በራሱ መሬት ላይ መፈተሽ የመምህሩ ድርሻ ነው።

በወለጋ የውኃ ትምህርት መነሻው ቦይ ሳይሆን አፈር መሆን አለበት። በአንድ ክረምት ከ1 ሄክታር ማሳ የሚያመልጠውን ውኃና አብሮት የሚሄደውን አፈር ማስላት የቻለ ተማሪ፣ መስኖ የሌላ አገር ጉዳይ ነው አይልም። አባቱ ቦይ የሚዘጋበትን ጊዜ ከልምድ እንደሚያውቅ፣ እርሱም ምክንያቱን ከትምህርት እንደሚያውቅ ሲረዳ፣ ሁለቱ በአንድ ጨፌ ዳር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ ያገኛሉ።